ጽዋ በኮንዶሚኒየም፦ የአዳራሹን ቁልፍ አትጠብቁ

የማኅበር ጽዋ ተራ ሊደርሳችሁ ከሆነና የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ይህችን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው፤ ወር በገባ በ12። የተመሠረተው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ ማኅበርተኛው አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ ቃሊቲ ደረሰው። እኔ ቀድሜ የካ አባዶ ገብቼ ነበር። ሰው ተበተነ እንጂ ጽዋው አልተቋረጠም።

ዝግጅቱ እንደማንኛውም ነው። ጌሾና ብቅል ከሾላ፣ ጥንስሱ አስቀድሞ፣ ለንስሐ አባቴም መልእክት። ቀኑ ረቡዕ ስለዋለ ወጡ የጾም፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነውና በርሜሉን ሞልቼ ጠበቅሁ። ይሄ ድካም ነው፣ ችግር አይደለም።

ችግሩ ኮሚናሉ፣ የግቢው የጋራ አዳራሽ ነው። ቤቴ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። የነዋሪዎች ኮሚቴው ደንብ ደግሞ ድግስ ያለበት ሰው በኮሚናሉ ያድርግ፣ ማመልከቻ ቀደም ብሎ ያስገባ፣ ይክፈል ይላል። አስገባሁ፤ ከፈልኩ፤ «ተፈቅዷል» ተብሎ ማኅተም ተመታልኝ። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ተሸክሜ ስወርድ በሩ ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡ ስልኩን ዘግቷል። ሊቀመንበሩ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ ዛሬ አስቸኳይ ስብሰባ አለበት፤ ከላይ የመጣ ነው» አለኝ።

«ማኅተሙስ?»

«እሱማ ትክክል ነው።»

ይህ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። ማኅተሙ ትክክል፣ ደረሰኙ ትክክል፣ እኔ ግን ደጅ። ስብሰባ የተባለውን በኋላ በመስኮት አየሁት፤ ጥቂት ሰዎች ከነሻያቸው ተቀምጠው ያወጋሉ።

አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላም ነበርና ሰይጣን ቀንቶ የገዛ ራሱን ፈንክቶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ «አብርሃም ነው እንዲህ ያደረገኝ» እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰበት ይላሉ አባቶች ሲያስተምሩ። የእኔን እንግዳ ለመመለስ መፈንከት አላስፈለገውም፤ አንድ ቁልፍ በቃው። (ሊቀመንበሩን ሰይጣን አላልኩም።)

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማኅበርተኛው ከመገናኛ በታክሲ እየተጋፋ መድረስ ጀመረ። እትዬ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ በየፎቁ የደረጃውን ብረት ይዘው እያረፉ ወጡ። ቤቱ ሞላ፤ ኮሪደሩም ሞላ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። ብቅ አለችና፣ «ምነው ሰው ቆመ? የእኛ ቤት ምን ሆነ?» ብላ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የዳር ቤቱ ልጅ ጴንጤ ነው፤ ሳይጠየቅ ወንበሮቹን አወጣ። ቄሱ ኮሪደሩ መካከል ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ «አሜን» ከሦስት ቤት መጣ። በርሜሉ ሲጎድል ያችው ጎረቤቴ ሙሉ ጀሪካን እየጎተተች አመጣች። ፈረቃችን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጀሪካን ዋጋ ያውቃል። ሽሮውን አብራን በላች፤ ጠላውን ትታ ሻይ ጠጣች።

ዝክር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ማቴ. 10፥42 ነው፤ አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም። ተረኛ የሆነ ሁሉ ጥቅሱን ለራሱ ነው የሚያነበው፤ ሰጪው እኔ ነኝ ብሎ። የዚያን ዕለት አጠጪዋ እሷ ነበረች፣ ተቀባይዋ እኔ። መቀበል ከመስጠት ይከብዳል፤ እንጀራ የምጋግርበት ክንዴ እንኳ እንደዚያ አልደከመም።

ሌላም ልጨምር። ድግስ በመጣ ቁጥር ማርታን የሚወቅስ ሰባኪ አይጠፋም፤ ሉቃስ 10ን ይዞ። ወቅሶ ሲጨርስ ግን ማርታ የሠራችውን ይበላል። ዮሐ. 12፥2ን ያንብብልኝ፤ አልዓዛር ከተነሣ በኋላ ቢታንያ ላይ እራት ሲደረግ ማርታ አሁንም ታገለግላለች፣ ጌታም ተዪ አላላትም። መጀመሪያ ላይ የተነገራት በብዙ ነገር ስለመታወኳ እንጂ ስለ ድስቷ አይመስለኝም። እኔም ያን ዕለት የታወክሁት በወጡ አልነበረም፣ በማኅተሙ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፤ ኮሚቴው ባይወደውም። ኮሚናል አትከራዩ። ጎረቤቶቻችሁን ከሳምንት በፊት አንኳኩና፣ «ሰው ይበዛብኛል፣ በራችሁን ክፈቱልኝ» በሉ። የግቢውን ጥበቃዎች ድርሻ ከሁሉ በፊት አውጡ፤ ትራፊ አታውርዱላቸው፣ ሉቃስ 14 ላይ «ጥሯቸው» የተባለላቸው መክፈል የማይችሉት ናቸውና። ጠላው ይቅር፣ ለስላሳ ይበቃል የሚሉትን አትስሙ። ጠላ የሌለበት ጽዋ የልደት ግብዣ ነው።

ገንዘቤን ልጠይቅ ኮሚቴው ጋ ሄጄ ነበር። «አልተጠቀምሽበትም፤ ግን ተይዞልሽ ነበር» ተባልኩ።