ዕቁብ፣ ጡረታና 33 አክሲዮን

ለሩቅ ዓላማ ብር ባንክ ማስቀመጥ አይዋጥልኝም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። ዘይትና ጤፍ በ7 በመቶ ብቻ ጨምረው ያለፉበትን ዓመት እኔ አላስታውስም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ተዉት።

የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የምናጠራቅመው በዕቁብ ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዳኛ ግን አለው። ባንክ ሳልቆጥብ ብቀር ማን ይጠይቀኛል? የዕቁባችን ጸሐፊ ግን እሁድ በጠዋት በር ታንኳኳለች። የዕጣው ተራም ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ሲያበድር ከርሞ ዋጋው የወረደ ብር ይቀበላል። ለዚህ ነው ነሐሴ አካባቢ ዕጣ የሚገዛ ሰው የማይጠፋው። እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፣ አልቆጨኝም።

ለእርጅና ጡረታ አለ። የምሠራው የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪዬ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ብቻውን እንደማይበቃ ግን የአባቴን የወር ጡረታ አይቼ አውቃለሁ። ስለዚህ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሽያጭ ሲቀርብ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን በቴሌብር ገዛሁ። አንዱ 300 ብር፣ በድምሩ 9,900 ብር፤ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር።

ባለቤቴ ሳቀብኝ። "ዕድሜ ልክሽን ካርድ ስትሞዪላቸው ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ አክሲዮን?"

"ትርፍ ሲከፋፈል እንተያያለን" አልኩት።