ዋይት ባላንሱን አንድ ቁጥር ላይ ቆልፉት

ኦቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም ራሱ ገምቶ ነጩ ነገር ነጭ እንዲመስል የሚያስተካክልበት) ቀለም ቢስት ያን ያህል አልከፋም፤ የሚያናድደኝ ሐሳቡን መቀያየሩ ነው። ያው ሰው እዚያው ክፍል ተቀምጦ፣ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ሰማያዊ። ብርሃኑ እኮ ንቅንቅ አላለም። ካሜራው ፊቱ ያለው ቀለም ሁሉ ሲደባለቅ ወደ ግራጫ ይጠጋል ብሎ ስለሚነሳ፣ ቀይ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑ የቀላ ይመስለዋል፤ ቀዩን ሲቀንስ የልጅቷም ፊት አብሮ ይገረጣል። አዳዲሶቹ ካሜራዎች የረቀቀ ስሌት አላቸው፤ ግምት ግን ያው ግምት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ራሴ እሰጠዋለሁ። ባለክር አምፖል ከ2700 እስከ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ የቀትር ፀሐይ 5500 ገደማ፣ ደመና 6500 አካባቢ፣ ጥላ ከ7000 በላይ። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ሰማያዊ ነው፤ ካሜራው ላይ ከፍ ስታደርጉት ግን ፎቶው ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ብርሃኑ ሰማያዊ ነው ስላላችሁት እሱን ለማካካስ ነው።

መገመት ሲያቅተኝ ግራጫ ካርድ (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚለካበት ወጥ ግራጫ ሰሌዳ) አወጣለሁ። ካርዱ የሚያዘው የሚነሳው ሰው ፊት አጠገብ ነው፤ እኔ የቆምኩበት ብርሃን ለዚህ አይጠቅምም። ነጭ ወረቀትስ? አይሆንም። አብዛኛው የማተሚያ ወረቀት ማንጫ ኬሚካል ስላለበት አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ሰማያዊ ይፈነጥቃል፤ በእሱ የተለካ ፎቶ ይበጫል።

«ራው ስለማነሳ ምን ገዶኝ» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፣ ራው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ) ላይ ኋላ እንደልብ ይስተካከላል። ነገር ግን ካሜራው ጀርባ ላይ የምታዩት ሂስቶግራም (የብርሃን መጠን ግራፍ) የሚሰላው ዋይት ባላንስ ካረፈበት ጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮ ከጨረሰው ፎቶ) ነው፤ ቁጥሩ ከተዛባ፣ ያልተቃጠለውን ቀይ ተቃጠለ (ከልክ በላይ በርቶ ዝርዝሩ ጠፋ) ብሎ ኤክስፖዠር፣ ማለትም ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን፣ ያስቀንሳችኋል።

ካርድም የማይፈታው አንድ ጣጣ አለ፦ በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላ በኩል አምፖል። ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቁጥር የለም። አምፖሉን አጠፋለሁ። የማይጠፋ ከሆነ ሰውየውን ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ካርዱ ከቦርሳ አይወጣም። ያን ቀለም ካጠፋሁት ምን ላነሳ ወጣሁ? 5500 ላይ ትቼው አነሳለሁ። ይበልጥ እንዲቀላ ብለው «ጥላ» የሚለው የካሜራው ምርጫ ላይ የሚያደርጉት አሉ፤ ለእኔ ይበዛብኛል።