ሽማግሌ ከመሰብሰቤ በፊት ወንድሜን ብጠይቀው ኖሮ

ይህን የምጽፈው በውርስ ምክንያት ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር ለተኳረፈ ሰው ነው። እኔን በጊዜው የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አላገኘሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሳንነጋገር ከረምን።

አባታችን ሐይቅ አካባቢ የጤፍ ማሳና ባሕር ዛፍ ትቶልን አረፈ። እኔ የምኖረው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ደሴ ነው። ወንድሜ እዚያው ከአባቴ ጋር ነበር። ቀብሩንም አርባውንም በፍቅር አሳለፍን፤ የወራሽነት ማስረጃውንም ያለ ችግር አወጣን። ከዚያ አንድ ዘመዳችን ደወለና "ባሕር ዛፉ እኮ ተቆርጦ ተሸጠ" አለኝ። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ነደደኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሠራተኛ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ክሰሺ" አለኝ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። አንድ ሰባኪ ደግሞ "ፍቅር ሁሉን ይታገሣል፤ ዝም በይ" ብሎ መከረኝ። ይሄኛው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያ ቃል የሴት ልጅን አፍ ለማዘጋት አልተጻፈም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደሆኑ ደንግጓል። መብቴን አውቅ ነበር። ያላወቅሁት አካሄዱን ነው።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። አንድ ቄስ፣ አንድ የአባቴ ባልንጀራ የሆኑ ሼህ፣ አንድ ጎረቤት። ወሎ ውስጥ ቄሱና ሼሁ አብረው ለእርቅ ቢቀመጡ ማንም አይገረምም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። እሱ አስቀድሞ አልተነገረውም። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ሲያያቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ማን ሞተብኝ?" አለ።

መርዶ መስሎት ነው። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ።

እኔ ግን አላቆምኩም። መጽሐፍ ቅዱሴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ልጆቹ በር ላይ ቆመው እያዩ፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። በየገጹ ወረቀት ሰክቼ ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ሼሁ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ገንዘቡን ምን እንዳደረገው እሱን ጠይቀሽዋል?" አሉኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። አንድም ቀን።

ወንድሜ ተነሳ። "እቴ፣ ብትጠሪኝ እመጣልሽ ነበር" ብሎ ገባ። ሽማግሌዎቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። ሁለት ፋሲካ ተለያይተን ፈሰክን።

የሚያንገበግበኝ ማቴዎስ 18ን በቃሌ ማወቄ ነው። ቁጥር 16 ላይ ለምስክርነት አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ የሚለውን አስምሬበት ነበር። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 15 "አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው" ይላል። እሱን ዘልዬዋለሁ። ልብ በሉ፣ ውቀሰው ነው የሚለው። ዝም በል አይልም፤ በሰው ፊት አዋርደውም አይልም።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ቡና ቋጥሬ ብቻዬን ሄድኩ። ወረቀትም መጽሐፍም አልያዝኩም። "ወንድም ጋሼ፣ ብሩን ምን አደረግከው?" አልኩት። ገብቶ የልጁን ደብተር አመጣ። በእርሳስ የተጻፈ ሒሳብ ነው። አባታችን ታሞ ሳለ ለሕክምና የተበደረው፣ ለተዝካሩ የወጣው፣ ከታች ደግሞ የራሱ ቤት ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ላይ ጣቱን አሳርፎ "ይቺ ጥፋቴ ናት" አለ። እኔም ልጆቹን አስጠርቼ በእነሱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ያዋረድኩት በእነሱ ፊት ነበራ። ጓዳ ገብቶ በሹክሹክታ ይቅርታ መጠየቅ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ማሳውን ስንካፈል "መጀመሪያ አስለኩት፣ ዕጣ ጣሉበት" ያሉን ነበሩ። እኔ ዘፍጥረት 13 ላይ አብራም ለሎጥ እንዳደረገው ምርጫውን ለወንድሜ ተውኩለት። ድንጋያማው ደረሰኝ። በክረምት ሳየው አንዳንዴ ይቆጨኛል፤ አልዋሽም። የቆርቆሮውን ግማሽ ግን በጤፍ ከፈለኝ።

እንግዲህ ሰው የፈለገውን ይበል፣ የእኔ ምክር ይሄ ነው። መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ፤ ስልክ አይሆንም። ሽማግሌ ቀጥሎ፣ ፍርድ ቤት መጨረሻ። ወሬውን ያመጣላችሁን ዘመድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። እጁን የሚያነሳ ሰው ከሆነ ግን ብቻችሁን እንዳትሞክሩት፤ እዚያ ላይ ምስክር ይቅደም።

ባሕር ዛፉ ከጉቶው አቆጥቁጦ አሁን ከወገብ በላይ ሆኗል። ለመቆረጥ ሲደርስ ማን ለማን እንደሚደውል በዚያው ደብተር ላይ በእርሳስ ጽፈናል።