ሪች ለሠራተኛው ምን ሰጠ? አንቀጽ 35 እና ባለ 16 ክፍሉ ወረቀት

አውሮፓ ውስጥ በጽዳት፣ በመኪና ቀለም ቅብ፣ በሆቴል ላውንደሪ ወይም በግንባታ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ነው። ኬሚካል የማይነካ ሥራ ከእነዚህ መካከል የለም። ስለ ኬሚካል ሕግ ማሻሻያ ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ የፋብሪካዎቹ ወጪ ነው፤ ሠራተኛው ስላለው መብት የሚያነሳ ብዙም አይገኝም።

ሪች የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1907/2006 ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት ከ100,000 በላይ ነባር ንጥረ ነገሮች፣ አብዛኞቹ በቂ ምርመራ ሳይደረግባቸው ይሸጡ ነበር። ጎጂ መሆናቸውን የማስረዳት ሸክም ያለበትም መንግሥት ነበር። ደንቡ ሸክሙን አዞረው፦ በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ኩባንያ ሄልሲንኪ ላለው የኬሚካል ኤጀንሲ መረጃውን ካላስመዘገበ መሸጥ አይችልም። የሠራተኛ ማህበራቱ ያኔ በአንድ ቃል አልተናገሩም። የአውሮፓ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን ደንቡን ሲደግፍ፣ የጀርመን የኬሚካል ሠራተኞች ማህበር ከአሠሪዎችና ከመንግሥት ጋር የጋራ አቋም አውጥቶ ነበር። የሥራ መጥፋት ስጋት ማህበርንም ይከፋፍላል።

ለእኛ ዋናው አንቀጽ 35 ነው። ሻጩ ከኬሚካሉ ጋር የሚሰጠውን የደህንነት መረጃ ወረቀት አሠሪው ለሠራተኛውም ለተወካዩም እንዲያሳይ ያስገድዳል። ወረቀቱ 16 ክፍሎች አሉት፤ ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ክፍል 2 ላይ ኤች (H) የሚል ፊደልና ሦስት አሃዝ ፈልጉ፦ 350 ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ 360 መውለድን ወይም ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፣ 334 ሲተነፍሱት አስም ሊያስነሳ ይችላል፣ 317 የቆዳ አለርጂ ያመጣል ማለት ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍል 8 እለፉ።

ብዙው ስህተት የሚገኘው እዚሁ ነው። «ተስማሚ ጓንት ይጠቀሙ» ብሎ ካለፈው ወረቀቱ ጎዶሎ ነው። የጓንቱ ዓይነት፣ ውፍረቱና ኬሚካሉ ሰርስሮ እስኪያልፍ የሚፈጀው ጊዜ መጻፍ አለበት። አሴቶን ስስ የናይትራይል ጓንትን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ ጓንቱ ደህና ይመስላል፣ ፈሳሹ ግን ቆዳ ላይ ታፍኖ ይቀራል። እዚያው ክፍል ኬሚካሉ በአየር ውስጥ ሊኖረው ለሚችለው መጠን ሁለት ዓይነት ገደብ ልታዩ ትችላላችሁ፦ አንዱ በሕግ የተቀመጠ፣ ሌላው አምራቹ ለምዝገባ ያሰላው። ኤንኤምፒ ለተባለው ማሟሚያ ፈሳሽ የቆየው የኅብረቱ ገደብ በሜትር ኪዩብ 40 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሪች የወጣው 14.4 ነው። ተወካይ ብሆን ዝቅተኛውን ይዤ ነው የምከራከረው።

ሪች በሥራ ቦታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በደንብ የሚያሳየው የዳይአይሶሲያኔት ጉዳይ ነው። የሚገኘው በመኪና ቀለም ማጠንከሪያ፣ በፖሊዩሬታን ፎምና በአንዳንድ ሙጫ ውስጥ ነው። አንዴ አለርጂው ከያዘ በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ አስሙን ይቀሰቅሳል፤ ብዙዎች ሙያቸውን ለመተው ይገደዳሉ። ከነሐሴ 24 ቀን 2023 ጀምሮ መጠኑ 0.1 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ምርት የሚጠቀም ሠራተኛ መጀመሪያ ሠልጥኖ ማለፍ አለበት፤ ሥልጠናው በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። አሠሪው የምስክር ወረቀቱን በፋይል መያዝ አለበት። ችግሩ ሥልጠናው በአብዛኛው በኢንተርኔት መሰጠቱ ነው፤ ቋንቋው የማይገባው ሰው ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያልፋል፣ አየር ሳይዘዋወር መርጨቱም ይቀጥላል።

ጀርመን ያላችሁ አንድ ጥሩ መሣሪያ አላችሁ። የአደገኛ ንጥረ ነገሮች ደንብ አንቀጽ 14 የሥራ መመሪያው ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲቀርብ ያዛል። ጀርመንኛ ለማይገባው ሰው በጀርመንኛ መለጠፍ ግዴታን መወጣት አይደለም። ይህን ለቤትሪብስራት፣ ማለትም ሠራተኞች በድርጅቱ ለመረጡት ምክር ቤት፣ አንሱ፤ በጤና ጥበቃ ደንቦች አፈጻጸም ላይ አብሮ የመወሰን መብት አለው። ከ20 በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅትም የደህንነት ኮሚቴው ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ መሰብሰብ አለበት፤ አጀንዳ ማስገቢያው እሱ ነው።

ሪች የማይደርስበትም አለ። የብየዳ ጭስና ድንጋይ ሲቆረጥ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ ከሥራው የሚወጡ ናቸው፤ ሻጭ ስለሌላቸው ወረቀት የላቸውም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 ቃል የገባውና በ2022 መጨረሻ ይቀርባል የተባለው የሪች ክለሳም በቀኑ አልመጣም። ከሥራው የሚወጡትን በተመለከተ ማህበራቱ ቀደም ብለውም በኅብረቱ የካንሰር አምጪዎች መመሪያ በኩል ነው የገፉት። ለሲሊካ 0.05 ጠይቀው፣ በሜትር ኪዩብ 0.1 ሚሊ ግራም ተወሰነ። እዚህ የሚጠየቀው የአየር ልኬታ ሪፖርት ነው። ቀኑን፣ የተለካውን ሥራና የብናኝ መምጠጫው በርቶ እንደነበር እዩ። በልኬታው ዕለት በርቶ፣ በሌላው ቀን ጠፍቶ የሚሠራ ከሆነ ልኬታው በተለመደው የሥራ ሁኔታ እንዲደገም በጽሑፍ ጠይቁ።