ስፌቱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የቤት ካርታው ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ እሰፋለሁ። ሴቶች "እንዴት ጀመርሽ?" ይሉኛል። የሚጠይቁት ስለ መኪናው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ልኬቱ ነው። ስለ ወረቀቱ የሚጠይቀኝ የለም። ለእኔም ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የስፌቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። መጀመሪያ ለራሴና ለእህቶቼ ልጆች ነበር የምሰፋው። ጎረቤት አየ፣ ጎረቤት አዘዘ። ያገለገለ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ገዛሁ። "ሞተር ያለው ይሻልሻል" ያሉኝ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም፣ እሰይ አልሰማሁ። መብራት ሲጠፋ ባለሞተሮቹ ይቀመጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ጨርቅ ከመርካቶ ነው የማመጣው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በማለዳ የወጣ ማታ ቤቱ ይገባል። ብርዳችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ገበር የሌለው ጃኬት እዚህ የሚገዛው የለም። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ሥራዬም ይበረታል። የመንዝ ሽማግሌዎች የበርኖሳቸው ጠርዝ ሲተለተል ይዘውልኝ ይመጣሉ። በርኖስ በቀጭን መርፌ አይሞከርም፤ 18 ቁጥር መርፌ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ወረቀቱ።

አንድ የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊያሰፋኝ ፈለገ። ናሙና ሰፍቼ ወሰድኩ፣ ወደዱት። ከዚያ "ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ይዘሽ ነይ፣ ያለ ደረሰኝ አንከፍልም" አሉኝ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበርና ጊዜ ያለኝ መሰለኝ።

ቲኑ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ማለት ነው፣ ቀላል ነበር። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ አሻራ፣ አለቀ። ንግድ ፈቃዱ ጋ ስደርስ ግን መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል "የቤት ካርታ ወይም የተረጋገጠ የኪራይ ውል" አለችኝ። "የምሰፋው እኮ መኖሪያ ቤቴ ውስጥ ነው" ስላት "የትም ስፊ፣ አድራሻ ያስፈልጋል" አለች። እሺ፣ አድራሻ ያስፈልግ።

አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው። ኪራዩን በእጃቸው ነው የምሰጣቸው፤ ውል የሚባል ነገር በመካከላችን ኖሮ አያውቅም። "ውል እንፈራረም" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ምን አደረግሁሽ?" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ውል ካለ የኪራይ ገቢ ግብር አለ። በ2009 ዓ.ም. ለግብር ተብሎ የነጋዴው የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ በየከተማው የተጮኸውን የሚረሳ ነጋዴ ደግሞ የለም። ስንት ቡና ተፈልቶ፣ "ግብሩን እኔ እችላለሁ" ብዬ አሳመንኳቸው። ይህን ያልኩት ከደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ዩኒፎርሙን አስቤ ነው።

ካርታው ከሣጥን ወጣ። በሟች ባለቤታቸው ስም ነው።

መከራዬ እዚህ ላይ ጀመረ። የንግዱ ቢሮ "ስሙ ይዛወር" አለ። የመሬቱ ቢሮ "ወራሾቹ በሙሉ ይቅረቡ" አለ። አንዱ ልጃቸው አዲስ አበባ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት። "ውክልና ትላክ" አሉ። እትዬን በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃ አስወጥቼ ወስጃቸው "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው" ተባልን። ሌላ ጊዜ "ሲስተም የለም"። አርብ አመሻሽ ላይ "ነገ ነይ" ያለኝም አለ። ሲያዩኝ መሰልቸታቸው ነው የሚገርመኝ፤ የተመላለስኩት እኔ፣ የደከማቸው እነሱ።

አንዱ ደግሞ ሊመክረኝ ፈለገ፦ "ለምን ከሌሎች ጋር በማኅበር አትደራጂም? የመሥሪያ ሼድ ታገኛለሽ፣ ብድርም ይመቻችልሻል።" ይህ ምክር በየስብሰባው ይነገራል። የሚሆነው ሰው አለ፣ እኔ ግን አይሆነኝም። ቤት ውስጥ መሥራት የፈለግሁት ሕፃን ልጄን ጎኔ አድርጌ፣ ወጤን ጥጄ ልሰፋ ነው። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቧድኜ በእነሱ ዕዳ ለመጠየቅም አልፈልግም። ከእህታችሁ ወይም ከልብ ጓደኛችሁ ጋር ካልሆነ አትደራጁ። ባለሙያዎቹ ሌላ ይሏችኋል፤ ዕዳው ሲመጣ ግን እነሱን አታገኟቸውም።

መፍትሔው የመጣው ከቢሮው ውስጥ አይደለም። በሩ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት አሉ። ለሌላ አቤቱታ ልከፍላቸው ስቀመጥ ነገሩን ሰሙና "ሴትዮዋ የባላቸውን ጡረታ አይበሉም እንዴ?" አሉኝ። ይበላሉ። "እንግዲያው ያኔ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ይሆናል፣ ጠይቂያቸው።" ሄጄ ጠየቅሁ። እትዬ "ይህን ነው እንዴ?" ብለው ከዚያው ሣጥን፣ ካርታው ከነበረበት ፌስታል ውስጥ አወጡት። የልጆቹም ስም አለበት። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ደግሞ የእህቱን ውክልና ከድሮ ጀምሮ ይዞት ኖሯል። እሱ መጥቶ ፈረመ፣ ውሉ ተረጋገጠ፣ ፈቃዴን አወጣሁ። ስም ማዛወሩን ያነሳብኝም አልነበረም!

ደመወዝ የሚበሉት ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ያልጠየቁኝን ጥያቄ ጃንጥላ ሥር ያሉት ሰው ወዲያው ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ትምህርት ቤቱ አልጠበቀኝም፤ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። መስከረም ላይ ልጆቹ በደጄ ሲያልፉ ዩኒፎርማቸውን አየሁት። ኮሌታው ጠማማ ነበር። ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ስለዚህ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት የአከራያችሁን ካርታ በዓይናችሁ እዩ። በማን ስም ነው? ባለስሙ በሕይወት አለ? ወራሾቹ የት ናቸው? ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ በቃል የተነገራችሁን ይዛችሁ አትመለሱ። "የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉልኝ" በሉ። ያኮርፋሉ። ያኩርፉ። ቢሮ በር ላይ ያሉትን ጸሐፊዎች ደግሞ አትናቁ፤ በዚያ በር ገብቶ የወጣውን ጉዳይ ሁሉ ያውቁታል።

ሌላው የሒሳብ ነገር ነው። ለግብር ያኔ የተመደብኩት ደረጃ "ሐ" ውስጥ ነው፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ማለት ነበር። "ደረጃ ሐ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የለበትም" አሉኝ፣ ሕጉም እንደዚያ ነበር። እኔ ግን ያዝኩ። የግብር ገማቾቹ ቤቴ መጥተው ጥግ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ጨርቁ የእኔ አይደለም፣ የደንበኛ ነው። ደብተሬን ዘረጋሁላቸው፤ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ ሁሉም ተጽፏል። ዝም ብለው አገላብጠው ሄዱ።

ዋጋን በተመለከተ፣ "ጎረቤት አይደለሁም እንዴ?" የሚለውን ከጅምሩ ካልቆረጣችሁት ያከስራችኋል። እኔ ለጎረቤት የምቀንሰው የቁልፍ ማስተካከያና የዚፕ ቅያሬ ላይ ብቻ ነው። ሙሉ ልብስ ከሆነ ለእናቴም ዋጋው ያው ነው፤ እናቴ አኩርፋ ነበር፣ አሁን ግን ትከፍላለች። ቀብድ ሳልቀበል መቀስ አላነሳም። የጥምቀት ልብስ ትእዛዝ ደግሞ ከገና በኋላ አልቀበልም፣ ማንም ቢለምነኝ።