እሑድን ከሰው ቅድመ አያት ጋር

ቦስተን ከላዬ ያሉት ጎረቤቴ፣ «እማማ» የምላቸው፣ አየርላንድ የቀሩ ዘመዶቻቸውን ፈልጊልኝ ብለው ዛሬ ላፕቶፔን አስከፈቱኝ። ቀላል መስሎኝ! ለካ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ገሚሱን መንግሥት ራሱ አስወግዶታል፤ የቀረውም አብዛኛው በ1922 (እ.ኤ.አ.) የደብሊን መዝገብ ቤት ሲቃጠል ነዷል። ደግነቱ የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ተርፈዋል።

አየርላንድ ውስጥ ማዮ በሚባል አውራጃ የነበሩትን ሴት ቅድመ አያታቸውን አገኘናቸው። በ1901 ዕድሜያቸው 58፣ በ1911 ደግሞ 72! በሳቅ ፈረስን። በ1909 ለ70 ዓመት አዛውንቶች ጡረታ መከፈል ጀምሮ ነበርና ብዙ ሰው ድንገት አርጅቷል። (እኛ ጋ ጡረታ ላለመውጣት የሚቀነሰውን ዕድሜ እነሱ ጡረታ ለማግኘት ጨመሩት።)

እዚያው መስመር ላይ፦ የተወለዱ ልጆች 9፣ በሕይወት ያሉ 5።

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም አሉ። እኔም ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሣሁ።