ቤት ሲታደስ፦ ከዋጋው በፊት ውሃውና መጠኑ

ቤት ለማደስ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን የሚጀምረው ከግድግዳው ቀለም፣ ከወለሉ ሴራሚክና ከመብራቱ ጌጥ ነው። ዐይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስቸግረው በጀቱም በዚያው ቅደም ተከተል ሲያዝ ነው። ገንዘቡ ለሚታየው ነገር ከተመደበ በኋላ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የዛገ ቧንቧ ወይም ከዐቅሙ በላይ የተጫነበት የኤሌክትሪክ መስመር ሲገኝ፣ አዲሱን አፍርሶ አሮጌውን መጠገን የግድ ይሆናል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው በእድሳት ሥራ ላይ ቃል በቃል ይደርሳል። በዚህ ምክንያት እኔ የማንኛውንም ቤት እድሳት ዕቅድ የምጀምረው ውሃ ከየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ በማየት ነው፤ የዋጋ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጣሪያውና አሸንዳው፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል፣ የግድግዳው እግርና የግቢው ተዳፋት አንድ በአንድ ይታያሉ። ግድግዳ ላይ እርጥበት ከታየ መነሻው ሳይታወቅ ገንዘብ መመደብ ከንቱ ነው። መነሻው ከላይ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም ውስጥ ለውስጥ የተሰበረ ቧንቧ፣ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት፣ ወይም የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አርፎ የሚፈጥረው ላብ ሊሆን ይችላል። ከመሬት የሚሳበው ከወለሉ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በላዩም ነጭ ጨው ይተዋል። ላቡን ከሌሎቹ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ቁራጭ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አሽጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መተው ነው። ጠብታው ከላስቲኩ በስተጀርባ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ወደ ክፍሉ በሚያየው ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአየር ዝውውር ጉድለት ነው። ለዚህኛው መስኮት መክፈትና አየር ማስወጫ ማበጀት ይበቃው ይሆናል።

በዚህ ምርመራ ደጋግሞ የሚገኘው ነገር የውስጡ በሽታ ምክንያት ውጭ መሆኑ ነው። ለአትክልት ተብሎ ግድግዳው ሥር የተቆለለ አፈር፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለ የግቢ ንጣፍ፣ ጫፉ የተቆረጠ የአሸንዳ ቱቦ የሳሎኑን ግድግዳ ያበላሻሉ። ስለዚህ የውስጡና የውጭው ሥራ በጀት በሁለት ደብተር መያዙን አልወደውም። የመኝታ ቤቱን ልስን የሚያድነው ግቢው ውስጥ የሚሠራ የግማሽ ቀን ቁፋሮ ከሆነ፣ ሁለቱ ወጪዎች ጎን ለጎን ካልተጻፉ ማን ማንን እንደሚቀድም አይታይም።

ከዚህ በኋላ ልኬት ይመጣል። ብዙ ሰው ባለሙያ ጠርቶ በቅድሚያ «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጠኑን ያላወቀ ጠያቂ ግን የተነገረውን ዋጋ የሚመዝንበት ነገር የለውም። አንድ ክፍል እንውሰድ፦ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ነው። ዙሪያው 14 ሜትር ስለሆነ የአራቱ ግድግዳዎች ስፋት 39.2 ካሬ ሜትር ይመጣል። ከዚህ ላይ 0.9 በ2.1 የሆነ በርና 1.5 በ1.2 የሆነ መስኮት ሲቀነሱ 35.5 ካሬ ሜትር ያህል ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 71 ይሆናል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለዚህ ክፍል ግድግዳ ከ7 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ቀለም ያስፈልጋል። ኮርኒሱ 12 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለብቻው ይታሰባል። ልስኑ ሻካራ ወይም አዲስ ከሆነ ቀለም ይጠጣል፤ ይህ ትርፍ ግን በግምት የሚጨመር ሳይሆን ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባ ማጣበቂያ ቀለም የሚቀነስ ነው። ይህን ስሌት በእጁ የያዘ ሰው የእጥፍ ቀለም ዝርዝር ሲቀርብለት ምክንያቱን መጠየቅ ይችላል፤ ባለሙያውም ቢሆን ለክቶ የሚጠብቀውን ደንበኛ በሌላ ዐይን ነው የሚያየው።

ሴራሚክ ቀጥ ብሎ ሲነጠፍ ለመቆረጥና ለመሰበር 10 በመቶ፣ ሰያፍ ሲነጠፍ ደግሞ 15 በመቶ ያህል ተጨምሮ ይገዛል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከአንድ ምርት መገዛት አለበት፤ በተለያየ ጊዜ የተጠበሰ ሴራሚክ ስሙና ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቀለሙ ጥቂት ሊለይ ይችላልና ካርቶኖቹ ላይ የታተመውን የምርት መለያ ማመሳከር ይገባል። የተረፈውን ካርቶን ለሻጭ ከመመለስ ይልቅ ማስቀመጡ ይሻላል።

ውጭው ላይ ስሌቱ ይበልጥ ይፈተናል፤ ምክንያቱም መሬት እንደ ግድግዳ ልኩን ጠብቆ አይገኝም። 5 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ የኮንክሪት ንጣፍ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ሲኖረው 1.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋና አራት ጠጠር በሆነው ድብልቅ ለአንድ ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎው ሲሚንቶ ከስድስት ከረጢት በላይ ስለሚፈልግ፣ ለዚህ ንጣፍ ወደ 10 ከረጢት ይገዛል። መሬቱ በደንብ ሳይስተካከል ቀርቶ በአማካይ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ውፍረቱ 12 ይሆንና ሲሚንቶውም፣ አሸዋውም፣ ጠጠሩም በአንድ አምስተኛ ይጨምራሉ። መሬት ማስተካከያ የሚባለውን የጉልበት ወጪ ለመቆጠብ የሚደረገው ሙከራ ዋጋው የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

የልኬቱ ዝርዝር ሲያልቅ ያው አንድ ወረቀት ቢያንስ ለሦስት ባለሙያዎች ይሰጣል። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አሳብ ዋጋ ካቀረቡ ግን ማወዳደር አይቻልም። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ተለያይቶ ይጻፍ። በጣም ዝቅ ብሎ የቀረበ ዋጋ ሲገኝ የጎደለው ምን እንደሆነ መፈለግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድሉት ማፍረሻው፣ ፍርስራሽ ማስጣያው፣ መጫኛና ማውረጃው፣ እንዲሁም ብሎን፣ ሲልከን፣ ብርጭቆ ወረቀትና የመሳሰሉት ቅራቅንቦዎች ናቸው። በጠቅላላው ላይ መጠባበቂያ ይጨመራል፤ ግድግዳና ወለል የማይከፈትበት ሥራ ከሆነ 10 በመቶ ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ አሮጌ ቤት ሆኖ ቧንቧና ሽቦ የሚነካ ከሆነ ግን ከ20 በመቶ ባያንስ ይመረጣል። ይህ ገንዘብ ግድግዳው ሲከፈት ለሚገኝ ነገር የተቀመጠ ነው፤ ሱቅ ገብቶ የዐይን አዋጅ የሆነበት ሰው የተሻለ ሴራሚክ እንዲመርጥበት አይደለም።

ጊዜም እንደ ገንዘብ በጀት ይፈልጋል። መፍረስ ያለበት ይፈርሳል፤ ጣሪያው ይስተካከላል፤ ቧንቧና የሽቦ መስመር ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ልስን፣ ወለል፣ በመጨረሻም ቀለምና መግጠሚያዎች ይከተላሉ። መስመሮቹ በልስን ከመሸፈናቸው በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግቶ ከሜትሩ ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ከዓመታት በኋላ ምስማር የሚመታውን ሰው ከቧንቧው ያድነዋል። የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል ቢቆይ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ እርጥበቱና በውስጡ ያለው አልካሊ የተባለው ኬሚካል ቀለሙን ይልጡታል። ኮንክሪት የታሰበለትን ጥንካሬ ማግኘቱ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናትም እንዳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ መከላከያው ከተቀባና ከደረቀ በኋላ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የፍሳሽ ቀዳዳው ተደፍኖ ለ24 ሰዓት ውሃ ይተኛበታል። ከዚህ ሁሉ ፈተና በርካሽ የሚገኘው ይህ ሲሆን ለመዝለል የሚቸኮልበትም እርሱ ነው።

የግቢ ንጣፍ ከቤቱ ወደ ውጭ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ማዘንበል አለበት። ሲባጎ ከግድግዳው ላይ ወጥሮ በውሃ ልክ ካስተካከሉ በኋላ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለውን በየሜትሩ መለካት ይበቃል። ንጣፉ ከመፍሰሱ በፊት ባዶ ቱቦ ከሥሩ ማሳለፍ ትንሽ ወጪ ነው፤ በኋላ የበር መብራት ወይም የአትክልት ውሃ ሲታሰብ ንጣፉን ከመስበር ያድናል። አፈርና ተክል የሚገቡት አሸዋና ጠጠር የሚያራግፍ መኪና መመላለሱን ሲያቆም ነው፤ ሥሩ የሚስፋፋ ዛፍ ከመሠረቱም ከፍሳሽ መስመሩም ራቅ ብሎ ይተከላል።

እጅ ሲያጥር ሁሉንም በግማሽ ከመሥራት አንዱን ክፍል ጨርሶ ሌላውን ማቆየት ይሻላል። ግድግዳ ማስከፈት አቧራውም ወጪውም አንድ ጊዜ ቢሆን ይመረጣልና ቧንቧና ሽቦ ግን ከዚህ አሠራር ውጭ ናቸው፤ የቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሠራ ጥሩ ነው። ቁም ሳጥን፣ የአጥር ቀለምና የግቢ ወንበር ሊቆዩ ይችላሉ። ቀለም መቀባትና አሮጌ ቀለም መፋቅ በገዛ እጅ ሊሠሩ ይችላሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመርና ጭነት የተሸከመ ግድግዳ ግን ለባለሙያ የሚተው ነው።

ክፍያው ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ይከፋፈል፤ ቅድመ ክፍያው ሥራውን ለማስጀመር ከሚበቃው ዕቃ ዋጋ አይለፍ፤ የትኛው ደረጃ ሲጠናቀቅ ስንት እንደሚከፈልም በውሉ ላይ ይጻፍ። ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ቧንቧው በሙሉ ግፊት ተከፍቶ፣ እያንዳንዱ ሶኬት ተሞክሮና ጣሪያው ዝናብ አይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ይያዛል።